ቀይ ዘር እንዳይናቅ፤ ስለ እኽል ቀለምና ቀለምን ስለሚለውጠው አዲስ ጥበብ

በምዕራብ ጎጃም አገር፥ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፥ ከብር ሸለቆ እስከ ገበዝ ማርያም ዙሪያ፥ እኽል ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ሸማቹ አስቀድሞ የሚያየው መልኩን ነው። ጤፍ በቀረበ ጊዜ ማኛው ከነጩ፥ ነጩ ከሰርገኛው፥ ሰርገኛውም ከቀዩ ይበልጣል ተብሎ ዋጋ ይቆረጣል። በርበሬ በቀረበ ጊዜ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ መቅላቱ ያስወድደዋል፥ የነጣው ዛላ ከመልካሙ ተለይቶ ይጣላል። እንግዲህ በአንዱ የገበያ ቀን፥ በአንዱ ሜዳ ላይ፥ ቅላት ለአንዱ እኽል ነውር ለሌላው ክብር ሆኖ ይውላል ማለት ነው።

ይህ የገበያ ፍርድ በገበያው ብቻ ቢቀር ኖሮ የአገር አስተዳዳሪ ሊያስብበት ባላስፈለገውም ነበር። ነገር ግን ፍርዱ ወደ እርሻው ይገባል። ገበሬው በዚህ ዓመት ዋጋ ያጣውን ዘር በሚመጣው ዓመት አይዘራውም፤ ዘሩ ሁለትና ሦስት ክረምት ከማሳ ከቀረ ከጎተራም ይጠፋል፤ ከጎተራ የጠፋውን ዘር ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ፈልጎ አያገኘውም። በዚሁ ዘመን በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት የተክልን ቀለም ከሥሩ የሚለውጡበትን ጥበብ አግኝተው ይሠሩበታል። የአገሩ ባለ መሬትና ሹም ሁሉ ይህ ጥበብ ምን እንደ ሆነ፥ ምንስ እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ቢያውቅ፥ ነገሩ በደጁ በደረሰ ጊዜ አይደናገርም፤ ጥቅሙንም ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም።

የእኽል ቀለም እንደ ኩታ ጥለት ከውጭ የተነከረ አይደለም። ተክሉ ራሱ በውስጡ ደረጃ በደረጃ የሚያዘጋጀው ነገር ነው። ከቅጠሉ አረንጓዴ በቀር ያለውን ቀለም ሊቃውንት በዋናነት በሦስት ወገን ይከፍሉታል። አንደኛው ፍላቮኖይድ የሚባለው ነው፤ ለአበባ ቀይና ሐምራዊ፥ አንዳንድ ጊዜም ሰማያዊ መልክ የሚሰጠው አንቶሲያኒን፥ እንዲሁም የዘንጋዳውን ፍሬ የሚያጠቁረውና አፍን የሚያኮማትረው ታኒን ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ካሮቲኖይድ ነው፤ የበርበሬው ቅላት፥ የካሮቱና የቢጫው በቆሎ መልክ ከርሱ ይመጣል። ሦስተኛው የቀይ ሥር ቀለም የሆነው ቤታሌይን ነው። እነዚህን ሁሉ ተክሉ እንዲሠራ የሚያዝዘው በዘሩ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው ጽሕፈት ነው፤ እርሱም ዘረመል ይባላል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል የኖረው ነገር በተክልም ዘንድ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ተክል ቀለምን ለጌጥ ብቻ የማይሠራው መሆኑ ነው። ዘንጋዳ ለምን ጠቆረ፥ ለምንስ መረረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወፍ በሚበዛበት ቆላ ሄዶ ይመልከት። ነጩን ማሽላ ወፍ ሲያራግፈው፥ ታኒን የበዛበትን ጥቁሩን ዘንጋዳ ሌላ የሚበላ እስካገኘ ድረስ ትቶት ያልፋል። በስንዴም እንዲሁ ነው። ቀዩ ስንዴ ከደረሰ በኋላ ቶሎ አይበቅልም፤ ነጩ ግን በአጨዳ ጊዜ ዝናብ ከመታው ገና በዛላው ላይ ሳለ ሊበቅልና ዱቄቱ ሊበላሽ ይችላል። ሊቃውንት እንደ ደረሱበት የስንዴውን ቅላት የሚያዝዘው ዘረመል ከዚህ ከመተኛቱ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ክረምቱ እስከ ጥቅምት በሚዘልቅበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቀለም ለዘሩ ጋሻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጋሻውን ያስጣለ ሰው ደግሞ ጠላቱን በሌላ መሣሪያ መመለስ ይኖርበታል።

ስለ ቀለም ውርስ የተደረገው ምርመራ የቆየ ታሪክ አለው። ግሬጎር ሜንዴል የተባለው የኦስትሪያ መነኩሴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ የውርስን ሕግ ለዓለም የገለጸው፥ ከሌሎች ምልክቶች ጋር፥ የአተርን ሐምራዊና ነጭ አበባ በማዳቀል ነው። በ1940ዎቹም ባርባራ ማክሊንቶክ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ የበቆሎ ፍሬ ዝንጉርጉር መሆኑን ስትመረምር በዘር ውስጥ ያለው ጽሕፈት ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር ክፍል እንዳለው አገኘች፤ ስለዚህም ሥራዋ በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ቀለም ለሁሉ የሚታይ ስለ ሆነ በዘር ውስጥ የተደበቀውን ምሥጢር ለመግለጥ እንደ መስኮት አገልግሏል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ከመመልከት ወደ መለወጥ ተሻገረ። በ1987 በጀርመን አገር ያሉ ሊቃውንት ከበቆሎ አንድ ዘረመል ወስደው ፔቱኒያ በሚባል የአበባ ተክል ውስጥ ቢያገቡት፥ ፔቱኒያው በተፈጥሮው ያልነበረውን የሸክላ ቅላት የመሰለ አበባ አወጣ። በአውስትራልያ የተሠራው ሐምራዊ የቅርንፉድ አበባ ከ1996 ጀምሮ ለገበያ ቀረበ፤ በጃፓንም «ሰማያዊ» የተባለው ጽጌረዳ በ2009 ተሸጠ። በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ በጆን ኢነስ ማእከል ካቲ ማርቲንና ባልደረቦቿ ከሌላ የአበባ ተክል ሁለት ዘረመል ወደ ቲማቲም አዛውረው እስከ ውስጡ ሐምራዊ የሆነ ፍሬ ማግኘታቸውን በ2008 አስታወቁ፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2022 ከፈቀደው በኋላም ዘሩ በ2024 ለጓሮ አትክልተኞች ተሸጠ። ዛሬ ደግሞ ከውጭ ዘረመል ሳያስገቡ በተክሉ በራሱ ጽሕፈት ላይ አንዲት ፊደል ቆርጦ ማረም የሚቻልበት ሌላ ጥበብ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ ሹማምንት ሊያተርፉት የሚገባው ትምህርት የጥበቡ መሳካት ብቻ አይደለም፤ ከመሳካቱ ጋር ያጋጠመው ነገር ይበልጣል። ያ የሸክላ መልክ ያወጣው ፔቱኒያ በ1990 በኮሎኝ ከተማ 30,000 ያህል ሆኖ በሜዳ ላይ ቢተከል፥ ቀለሙ ሁሉ እንደ ታሰበው አንድ ዓይነት ሳይሆን ቀረ። የጊዜው ፀሐይና ሙቀት ከበረታ በኋላ ብዙዎቹ አበቦች ደበዘዙ፤ ገብቶ የነበረው ዘረመል ሳይጠፋ ሥራውን አቁሞ ተገኘ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ያሉ ሌሎች ሊቃውንት የፔቱኒያን ሐምራዊ መልክ ለማጥቆር ብለው የቀለሙን ዘረመል ቢጨምሩበት፥ አበባው በመጥቆር ፈንታ ነጣ፤ አንዳንዱም ዝንጉርጉር ሆነ። በቤት ውስጥ የታዘዘው ዘር በሜዳ ላይ የአየሩንና የመሬቱንም ትእዛዝ እንደሚሰማ ከዚህ ይታወቃል። ስለዚህ በኮሎኝ ወይም በኖርዊች መልካም የሆነው ነገር በቡሬ መሬት፥ በጎጃም ዝናብ ካልተፈተነ በቀር መልካም ነው ሊባል አይቻልም።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ የሚከብድ ነው። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ አንድ የተክል ሊቅ በባቡር ጣቢያ አጠገብ የተተከለ ብርቱካን መልክ ያለው ፔቱኒያ አይቶ ቢመረምረው፥ የዚያ የጀርመኑ ሥራ ምልክት በውስጡ ተገኘ። በ2017 የፊንላንድ መንግሥት ነገሩን ካስታወቀ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ያሉ አበቦች ከየመደብሩ እንዲሰበሰቡ ሆነ። ያ ዘር በ30 ዓመት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ፥ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲሻገር ፈቃድ የሰጠው መንግሥት አልነበረም፤ አይቶ ያወቀውም አልነበረም። ያ አበባ ብቻ ስለ ነበር ጉዳት አላመጣም። ነገር ግን የጉምሩክ ዘበኛ፥ መርማሪና ቤተ ሙከራ በሞላበት አገር ዘር ሳይታይ ይህን ያህል ዘመን መሻገር ከቻለ፥ ዘር በአህያ ጭነትና በመቀነት ቋጠሮ ከገበያ ወደ ገበያ በሚሻገርበት አገር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ለማንም ግልጽ ነው።

አሁን ነገሩን ወደ አገር ቤት መመለስ ይገባል። ኢትዮጵያ በቀለም የበለጸገ ዘር ያላት አገር ናት። ጥቁርና ነጭ ገብስ፥ ቀይና ነጭ ጤፍ፥ ዳጉሳው፥ ዘንጋዳው ሁሉ በገበሬው እጅ ተለይቶ፥ ስም ወጥቶለት ኖሯል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር በሰበሰበ ጊዜ የስንዴውና የገብሱ ዓይነት ብዛት አስደነቀው። ገለፈቱ ሐምራዊ የሆነው ስንዴ ከኢትዮጵያ የወጣ ነው፤ በሌላ አገር ያሉ ዘር አዳቃዮች ያንን ጠባይ ወደ ዳቦ ስንዴ አዛውረው በኒው ዚላንድ፥ በካናዳና በአውሮፓ ይዘሩታል፤ ዳቦውም ለጤና የተመረጠ ተብሎ ይሸጣል። የኢትዮጵያም ገብስ ለቢጫ ድንክ በሽታ የሚከላከል ጠባይ ሰጥቶ የካሊፎርኒያን ገብስ ረድቷል። ባለቤቱ የናቀውን ዘር ባዕድ አንሥቶ ሲያከብረው ማየት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ባለቤቱ ዘሩን ጨርሶ ከጣለው በኋላ መልሶ የሚለምን የሆነ እንደ ሆነ ነው።

የጤፍ ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በ1998 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የምርምር ማእከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ዘር፥ ምርታማ የሆነውንና እጅግ ነጭ የሆነውን ሁለት ዘር አዳቅሎ የተገኘ ነው፤ በብዙ አገር መስፋፋቱም ለገበሬው ምርትንና ዋጋን ያስገኘለት መልካም ሥራ ነው። ይህን የሚነቅፍ የለም። የሚነቀፈው ከዚህ የተነሣ ነጭ መሆን ብቻውን የመልካም ዘር ምልክት ሆኖ በሹሙም በነጋዴውም ዘንድ መቈጠሩ ነው። ቀይ ጤፍ በብዙ ስፍራ በደከመ መሬትና በአጭር ዝናብ ጊዜ የሚዘራ፥ ድኻው የሚኖርበት እኽል ነው። ብረት ይበዛበታል እየተባለ የሚነገረው ነገር ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የሚቀላቀል መሆኑን ምርመራ አሳይቷል፤ ታኒንና ወገኖቹም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ በመጠኑ ያግዳሉ። ስለዚህ ቀዩን ጤፍ ያለ መጠን ማመስገን አይገባም። ነገር ግን ፍላቮኖይድ የሞላበት፥ ራሱን የቻለ ጠባይ ያለው ዘር መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ያለ መጠን መናቁም አይገባም።

ጤፍ በራሱ አበባ የሚዳቀል ተክል ነው፤ ቀዩና ነጩ በአጠገብ ለአጠገብ ቢዘሩ እምብዛም አይደባለቁም፤ በገበያ የሚታየው ሰርገኛ የሚመጣው ዘሩ በእጅና በአውድማ በመቀላቀሉ ነው። ይህ ለሚጠብቀው ሰው ታላቅ ዕድል ነው፤ ቀይ ዘርን ለማቆየት የሚያስፈልገው ጥቂት መሬትና ንጹሕ አውድማ ብቻ ስለ ሆነ። በበቆሎ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የበቆሎ ብናኝ በነፋስ ይሄዳል፤ አንዱ ባለ መሬት የዘራው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይሻገራል። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር እንደ መሆናቸው፥ ወደ ፊት ቀለሙ በዘረመል ጥበብ የተለወጠ በቆሎ ቢመጣ፥ አንድ ሰው በራሱ መሬት ላይ የፈቀደውን ዘራ ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይሆንም፤ የጎረቤቱም ጉዳይ ነው፥ የወረዳውም ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ጥበቡ ወደዚህ አገር ቢደርስ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ቀለም ምን ይጠብቅ ነበር?» የሚለው ነው። የማሽላውን ታኒን የሚያዝዘው ዘረመል በ2012 በአሜሪካ ሊቃውንት ተለይቶ ታውቋል። ይህን ዘረመል ሥራ በማስፈታት ዘንጋዳውን ማንጣትና ማጣፈጥ የሚቻልበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ሰው ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል፤ እንጀራው ይነጣል፥ ዋጋውም ያድጋል ይላልና። ነገር ግን ወፉም አብሮ ደስ ይለዋል። ያን ጊዜ የባለ መሬቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ መዋል ይኖርበታል። ትርፉና ጉዳቱ በአንድ ሚዛን ካልተመዘነ በቀር መንጣቱ ብቻ መሻሻል አይባልም።

በበርበሬ ነገር ደግሞ ጥበቡ ገና ያልደረሰበት፥ የገበሬው እጅ ግን ዛሬውኑ የሚደርስበት ብዙ ሥራ አለ። የበርበሬው ቅላት ካፕሳንቲን ከሚባል የካሮቲኖይድ ወገን የሚመጣ ነው። ይህን ቀለም የሚያጠናቅቀው ዘረመል የተበላሸበት በርበሬ ሲበስል ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሊቃውንት በርበሬን በዘረመል ጥበብ ለመለወጥ ሲሞክሩ ከብዙ ተክል ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን በርበሬ መልክ ለማሳመር ከባሕር ማዶ ጥበብ መጠበቅ ከንቱ ነው። ቀለሙን የሚያጠፉት የታወቁ ናቸው፤ ሳይበስል መልቀም፥ በባዶ መሬት ላይ አስጥቶ በፀሐይ ብዛት ማንጣት፥ ርጥበቱ ሳያልቅ በማዳበሪያ መክተት፥ ፈጭቶ ማቆየት ናቸው። ብርሃንና አየር የካሮቲኖይድን ቀለም ይበላሉ፤ የተፈጨውም ከዛላው ይልቅ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ርጥብ ሆኖ የተከማቸ በርበሬ ደግሞ ከቀለሙ መጥፋት ይልቅ የሚከፋ የሻጋታ መርዝ ያፈራል።

ደግሞም ዋጋው በቅላት ስለሚቆረጥ የጎደለውን ቅላት በባዕድ ነገር ለመሙላት የሚደፍር ሰው አይጠፋም። በ2003 በአውሮፓ አቆጣጠር ሱዳን የሚባለው ለምግብ ያልተፈቀደ ቀይ ቀለም በተፈጨ በርበሬ ውስጥ በመገኘቱ የአውሮፓ መንግሥታት ከውጭ የሚገባው በርበሬ ሁሉ እንዲመረመር አዘዋል። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲከፈት የአካባቢው ምርት ተዘጋጅቶ ወደ ሩቅ ገበያ የሚሄድበት መንገድ ተጠርጓል። ወደዚያ ገበያ የሚደርሰው ግን ቅላቱ ከዛላው የሆነ በርበሬ እንጂ ቅላቱ ከጡብ ወይም ከቀለም ጣሳ የሆነው አይደለም። አንድ ነጋዴ ያደረገው ማታለል የአገሩን ሁሉ ስም ያጠፋል።

ስለ ሕጉም የወረዳ ሹም ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የዘር ሀብትና የኅብረተሰቡን ዕውቀት ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይወስድ ይከለክላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 655 ደግሞ ዘረመሉ የተለወጠ ተክል ያለ ፈቃድ እንዳይገባና እንዳይዘራ ይደነግጋል። በዚሁ ሥርዐት ተባይን የሚቋቋም ጥጥ በ2010 ዓ.ም. ተፈቅዷል። ዓለም አቀፉ የካርታኼና ስምምነት ሲዘጋጅ የአፍሪካን አገሮች ወክለው የተከራከሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር እንደ ነበሩ ይታወቃል።

ሕጉ ለምን እንደሚያስፈልግ የጤፍ ነገር አስተምሯል። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዘር ለመጠቀም ውል ተደረገ፤ በ1999 ዓ.ም. ኩባንያው ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የባለቤትነት መብት በአውሮፓ ተሰጠው፤ ኋላም ከሰረና ኢትዮጵያ ከውሉ የጠበቀችውን ጥቅም ሳታገኝ ቀረች። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ አዲስ የፈጠራ ሥራ የለበትም ብሎ በሆላንድ አገር ውድቅ አደረገው። ፍርዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የራስን እኽል የራስ ነው ለማለት ዐሥር ዓመት አልፎ በባዕድ ችሎት ማስፈረድ ያስፈለገበት ጉዳይ በመጀመሪያ በጽሑፍና በጥንቃቄ ቢያዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልሆነም ነበር። የነገው ክርክር ስለ ቀለም ሊሆን ይችላል። የዚያን ጊዜ «ይህ ቀይ ዘር ከዚህ ወረዳ፥ ከዚህ ሕዝብ የተገኘ ነው» ብሎ በመዝገብ የሚያሳይ ሹም ያስፈልጋል።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይቀርባል። አንደኛው ወገን ገበሬው ገንዘብ በሚያመጣለት ነጭ ዘር ፈንታ ርካሹን ቀይ ዘር እንዲጠብቅ ማስገደድ ድኻን መበደል ነው ይላል። ይህ ቃል እውነት አለበት። ስለዚህ ዘር የማቆየቱ ሸክም በድኻው ላይ ሊወድቅ አይገባም፤ ብዙ መሬት የያዘው፥ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ፥ የመንግሥት እርሻውና ትምህርት ቤቱ ከማሳቸው ጥቂቱን ለዚህ ሥራ ቢለዩ ከሀብታቸው የሚጎድል አይኖርም። ከጥማድ ላይ ጠርዙ ይበቃል። ባለ ብዙ መሬት የሆነ ሰው ክብሩ የሚታወቀው ጎረቤቱ ያጣውን ዘር ከጎተራው አውጥቶ ማበደር በቻለ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ወገን ጥበቡ የባዕድ ስለ ሆነ በሩን ፈጽሞ መዝጋት ይሻላል ይላል። ይህ ግን ትክክል አይመስልም። የጤፍ የዘር ጽሕፈት በሙሉ መጀመሪያ ተነቦ በ2014 የታተመው በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ በሚመራው ጉባኤ ሲሆን፥ የተነበበውም «ፀደይ» የተባለው የኢትዮጵያ ዘር ነው። በሩን የዘጋ አገር ሌሎች የርሱን መጽሐፍ ሲያነቡ እርሱ በውጭ ቆሞ ይቀራል። ይልቁንም ጥበቡን አውቆ፥ የሚጠቅመውን መርጦ፥ የማይጠቅመውን ለመመለስ የሚችል ሰው ማፍራት ይገባል። ከዚያም ጋር መቸኰል አይገባም፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። ለዓይን ብርሃን የሚረዳ ካሮቲኖይድ የተጨመረበት ቢጫ ሩዝ በ2000 ለዓለም ከተገለጸ በኋላ በፊሊፒንስ የተፈቀደው በ2021 ነው፤ በ2024 ደግሞ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው። በዚያው መካከል ለዚያው ጥቅም በቀድሞው የማዳቀል ሥራ የተገኘው ብርቱካን መልክ ያለው በቆሎ በዛምቢያ በ2012 ለገበሬ ተሰጠ። ቅርቡ መንገድ ሳይሞከር ሩቁን መጀመር ጥበብ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የአገር አስተዳዳሪዎች፥ ባለ መሬቶችና የወረዳ ሹማምንት ሊፈጽሙት የሚገባ ሥራ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በየቀበሌው የሚገኘው ባለ ቀለም ዘር ሁሉ በስሙ፥ በመልኩ፥ በሚዘራበት መሬትና በሚሠራበት ምግብ ወይም መጠጥ ተለይቶ በመዝገብ ይጻፍ። ይህን ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ጋር እናቶችም ይጠየቁ፤ ዳጉሳው ለእንጀራና ለአረቄ፥ ዘንጋዳውም ለጠላ የትኛው እንደሚስማማ ከነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛ፤ ከተመዘገበው ዘር ናሙና ወደ አዴት የምርምር ማእከልና በአዲስ አበባ ወዳለው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይላክ፤ ለላከው ወረዳም የደረሰኝ ወረቀት ይቀመጥለት። ነገር ግን በማቀዝቀዣ ቤት የተቀመጠ ዘር ብቻውን አይበቃም፤ በየዓመቱ በማሳ የሚዘራው ከአየሩና ከበሽታው ጋር አብሮ የሚማር ነው።

ሦስተኛ፤ ምርጥ ዘር ሲታደል የሚቀርበው የሥራ መግለጫ ስንት ኩንታል ነጭ ዘር ተሰጠ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ቀበሌ የትኛው ዘር እየቀነሰ እንደ ሄደ ጭምር ያመልክት። የሚጠፋውን ሳይቆጥር የሚጨመረውን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው።

አራተኛ፤ ወረቀት የሌለው እንግዳ ዘር ወደ ወረዳው ቢገባ ሹሙ ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ፥ ለበላይም ያስታውቅ። እንዲሁም ዘር ሊሰበስብ የመጣ ሰው፥ አገሬም ቢሆን ባዕድም ቢሆን፥ የፈቃድ ወረቀቱን ሳያሳይ አንድ ቁና አይውሰድ። ይህ እንግዳን ማሳፈር አይደለም፤ እንግዳውም ሕግ ባለበት አገር መምጣቱን እንዲያውቅ ነው።

አምስተኛ፤ በበርበሬ አገር ሁሉ የማስጫ አልጋና ጥላ እንዲሠራ፥ ርጥብ በርበሬም ወደ መጋዘን እንዳይገባ ይመከር፤ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ በተገኘ ጊዜ ሳይታለፍ በሕግ ይቀጣ።

ስድስተኛ፤ የምርምር ሰዎች ቀለሙ የተለወጠ ዘር ይዘው ለሙከራ በመጡ ጊዜ ሹሙ በፍርሃት አይመልሳቸው፥ በማድነቅም አይቀበላቸው። ቀለሙ ምን ይጠብቅ እንደ ነበረ፥ ወፉን፥ ዝናቡንና በሽታውን በምን እንደሚመልሱት፥ ብናኙ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ምን እንዳዘጋጁ፥ ዘሩንም ገበሬው መልሶ መዝራት ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃቸው። መልስ ያለው ሥራውን ይሥራ፤ መልስ የሌለው መልስ ይዞ እስኪመለስ ይቆይ።

ይህ ሁሉ ብዙ ወርቅ የሚያስወጣ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው መዝገብ፥ ጥቂት መሬትና የሹም ትጋት ነው። ነጭ ጤፍ ለገበያ ይዘራ፥ ዋጋውም ይባረክ፤ ቀዩም በጠርዙ ላይ ይቁም። ዝናብ ያጠረ ወይም በሽታ የገባ ዓመት ቢመጣ፥ በገበያ ቀን የተናቀው ዘር የአገር መተረፊያ ሊሆን ይችላልና፥ ያን ጊዜ የሚፈለገው ዘር ዛሬ በሹሙ መዝገብና በባለ መሬቱ ጎተራ ውስጥ መገኘት አለበት።